«አልቋል» አልኳት፤ ፓኬቱ ግን ከኋላዬ ነበር

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ እንጂ ጽፌልዎት አላውቅም። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ሆኜ ስሠራ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዛሬም ከሥራ ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም አላልፍም።

ችግሬ ፖስት ፒል ነው፤ ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ እርግዝና እንዳይፈጠር የሚዋጠው ክኒን። ባለቤቱ ያመጣል፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ይሸጣል። እኔ ግን ሸጬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ «አልቋል» እላለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ይህ ክኒን ጽንሱ ማኅፀን ላይ እንዳያርፍ ያደርጋል ተብለን ተምረናል። ለእኔ ይህ ከማስወረድ አይለይም። በእጄ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ባለፈው ወር፣ እሁድ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ልጅ መጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ብቻዬን ነበርኩ። «እህቴ፣ ፖስት ፒል አለ?» አለችኝ፤ ድምጿ በቅጡ አይሰማም። «መቼ ነበር?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም። «አርብ ማታ፣ አራት ሰዓት አካባቢ» አለች። «አልቋል» አልኳት። ዓይኗ በትከሻዬ በላይ አለፈ። ዞር ስል ፓኬቱ መደርደሪያው ላይ፣ ከቫይታሚኑ አጠገብ ተቀምጧል። አይታዋለች። «እሺ፣ አመሰግናለሁ እህቴ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወሬው ሁሉ ደግሞ ይሄ ሆኗል። እናቴ ማኅበር ላይ «ይህ ክኒን ልጆቻችንን አባለገ» ሲባል ሰምታ ትመጣለች። የሥራ ባልደረባዬ «አንቺ ማን ነሽና ነው የምትከለክያት?» ይለኛል። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ «እዚህ እኮ ከጥርስ ሳሙና ጋር ነው የሚደረደረው» ብላ ሳቀችብኝ። ሥራዬን ልልቀቅ? ወይስ እምነቴን ዋጥ አድርጌ ልሽጥ? ልጅቷስ ምን ሆና ይሆን?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣

እኔን ያቆመኝ «እሺ፣ አመሰግናለሁ እህቴ» ብላሽ መውጣቷ ነው። ብትሰድብሽ ኖሮ ይቀልሽ ነበር። አንቺም ትመልሺላት ነበር፣ በማግስቱም ትረሺው ነበር። ያየችውን አይታ፣ አመስግናሽ ስለሄደች ግን ይኸው ወሩን ሙሉ አብራሽ ታድራለች።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም፤ ለራስሽ አስቢው። እንቅልፍ የነሳሽ የትኛው ነው? አለመሸጥሽ ነው ወይስ «አልቋል» ማለትሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለቱ ተጣብቀው መጥተዋል። ለእኔ ግን ለየቅል ናቸው። አለመሸጥሽ ከእምነትሽ የመጣ ነው፤ ሰው በእጁ የሚያልፈውን ነገር መመርመሩ ያስከብረዋል እንጂ አያስነውረውም። «አልቋል» ግን ከእምነትሽ የመጣ አይመስለኝም። ከፍርሃት የመጣ ነው። «አልሸጥም» ብላት ትጣላኛለች፣ ባለቤቱ ይሰማል፣ ወረፋ የያዘ ሰው ይታዘበኛል ብለሽ ፈርተሻል። የሚገባኝ ፍርሃት ነው። ዋጋውን የከፈለችው ግን ልጅቷ ናት።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እንቁጠረው። አርብ ማታ አራት ሰዓት ከነበረ፣ አንቺ ጋ ስትደርስ 45 ሰዓት ተኩል አልፏል። ክኒኑ በደንብ ይሠራል እስከሚባልበት 72 ሰዓት ድረስ 26 ሰዓት ተኩል ይቀራታል። «እኔ አልሰጥም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ግን እስከ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው» ብትያት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ቦታ ትደርሳለች። «አልቋል» ስትያት ግን የምትሄድበትን አላወቀችም። መኖሩን እያየች «የለም» መባሏ ደግሞ ሌላ ቦታ ገብታ እንዳትጠይቅ ሊያሸማቅቃት ይችላል።

አሁን ወደ ክኒኑ ልምጣ። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም። ኮሌጅ የተማርሽው ላይ ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ሸክምሽ ሁሉ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው።

እንደምታውቂው ፖስት ፒል ውስጥ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው፣ በጠቅላላው 1.5 ሚሊ ግራም። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላል ግን አንዴ ከወጣች ዕድሜዋ አንድ ቀን ቢሆን ነው። ክኒኑ የሚሽቀዳደመው ከእሷ ጋር ነው። ገና ካልወጣች ያዘገያታል፤ ዘሩ ጠብቆ ጠብቆ ይሞታል። ቀድማ ወጥታ ከሆነ ግን ክኒኑ ብዙም አይፈይድም። ቶሎ ይወሰድ የሚባለውም ለዚህ ነው። እርግዝና ከተጀመረ በኋላ ቢወሰድ ደግሞ አያስወርድም፣ ጽንሱንም አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በግልጽ አስቀምጦታል።

ታዲያ የተማርሽው ከየት መጣ? አስተማሪሽ ከራሱ አልፈጠረውም። አሜሪካ ውስጥ ፕላን ቢ በሚል ስም የሚሸጠው ይኸው መድኃኒት፣ መግለጫ ወረቀቱ ላይ ለብዙ ዓመታት «የዳበረ እንቁላል ማኅፀን ላይ እንዳያርፍ ሊያደርግ ይችላል» የሚል ሐሳብ ነበረበት። ዓለም ሁሉ ያነበበው ያንን ነው። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማስረጃውን መልሶ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2022 ላይ ያንን አወጣው። ክኒኑ የሚሠራው ከእንቁላል መውጣት በፊት ነው፣ እርግዝናን አያቋርጥም አለ። አንቺ ኮሌጅ የገባሽው ከዚያ በፊት ስለሆነ አሮጌውን ወረቀት ይዘሽ ወጣሽ ማለት ነው።

ይህን የምነግርሽ «በቃ፣ አሁን ሽጪ» ለማለት አይደለም። የአንዳንድ ሰው ተቃውሞ ማስወረድ ላይ ብቻ አይደለም፤ መከላከያ የሚባለውን ራሱን አይቀበልም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለምሳሌ ሰው ሠራሽ መከላከያን በሙሉ አትቀበልም። እንዲህ ለሚያምን ሰው የክኒኑ አሠራር ቢነገረው ሐሳቡን አይቀይርም፣ እንዲቀይርም አልጠብቅም። አንቺ ግን የጻፍሽልኝ «ከማስወረድ አይለይም» ብለሽ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ልጠይቅሽ፦ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትሸጫለሽ? በየቀኑ የሚዋጠውን ኪኒን ለባለትዳሮች ትሰጫለሽ? የምትሰጪ ከሆነ፣ ፖስት ፒሉን ከእነሱ የለየብሽ ምን እንደሆነ ረጋ ብለሽ አስቢበት። ክኒኑ ነው? ወይስ የምትጠይቅሽ ልጅ ያላገባች መሆኗ? መልሱ ሁለተኛው ቢሆን አልፈርድብሽም። ግን ጥያቄው ይቀየራል፤ የጽንስ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ በልጅቷ ላይ የመፍረድ ጥያቄ ይሆናል።

ይህን ይዘሽ ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ። ከዚህ በፊት ጠይቀሻቸው ከሆነም «የሚያስወርድ ክኒን» ብለሽ ጠይቀሽ ይሆናል፤ መልሳቸውም የጠየቅሽውን ያህል ነው። አሁን የሚሠራውንና የማይሠራውን በደንብ አስረድተሽ ጠይቂያቸው። ስለ ውሸቱም ንገሪያቸው። እኔ በእሳቸው ቦታ ሆኜ ልመልስልሽ አልችልም።

የአክስትሽ ልጅ ያለችው እውነት ነው፣ ግን መሳቋ ትክክል አልነበረም። እዚያም ቢሆን ከጥርስ ሳሙናው አጠገብ እስኪደርስ 14 ዓመት ተሟግተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ ተፈቀደ። በ2006 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ያለ ትዕዛዝ ተባለ። በ2011 የመድኃኒት አስተዳደሩ የዕድሜ ገደቡን ላንሳ ሲል የጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሲቤሊየስ ከለከሉ። ፕሬዚዳንት ኦባማም የሁለት ሴት ልጆች አባት መሆናቸውን ጠቅሰው ደገፏቸው። ገደቡ የተነሳው በ2013 የፌዴራል ዳኛው ኤድዋርድ ኮርማን ካዘዙ በኋላ ነው። የእናትሽ ማኅበር ላይ የሚነሳው ስጋት ኋይት ሀውስም ገብቶ ነበር ማለት ነው። ልጅ ያለው ሰው ይሰጋል፤ አያስቅም።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ከዚያ አገር ሌላ ታሪክ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ እንደ አንቺ ያሉ ፋርማሲስቶች ይህንን ክኒን አንሸጥም ብለው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ስቴቱ በ2007 ያወጣው ደንብ እንዲህ ይላል፦ መድኃኒት ቤቱ መድኃኒቱን ማቅረብ አለበት፤ አንድ ፋርማሲስት ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ካለ ግን አብሮት ያለው ሌላ ባለሙያ ይሰጣል። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ። በ2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ሲል ደንቡ ጸና። እዚህ እኛን የሚገዛን ሕግ አይደለም። ሐሳቡ ግን ደግ ይመስለኛል። ለአንቺም ቦታ አለው፣ ልጅቷም ባዶ እጇን አትሄድም።

«አባለገ» የሚለውን ነገር ደግሞ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን፣ ክኒኑን አስቀድመው ቤታቸው እንዲያስቀምጡ የተሰጣቸውን ሴቶች ካልተሰጣቸው ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችን አይቷል። የተሰጣቸው ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት አላበዙም፣ የአባላዘር በሽታም አልበዛባቸውም። እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ልንገርሽና፣ የእርግዝናው ቁጥርም ቢሆን እንደተጠበቀው አልቀነሰም። ስለዚህ ትውልድ የሚገድል መርዝ አይደለም፤ ሁሉን የሚፈታ ተአምርም አይደለም። ቅዳሜ ሌሊት ኮንዶም ለተቀደደባት፣ መርፌዋ ላለፈባት፣ ወይ ተገድዳ ለተደፈረች ሴት የተሠራ ክኒን ነው።

በየሳምንቱ የሚመጡ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። አንቺም ታያቸዋለሽ። የባልደረባሽ ነገር እዚህ ጋ ያሳስበኛል። «ማን ነሽና» ያለሽ ልጅ፣ እሱስ ሲሸጥ ምን ይላቸዋል? ብሩን ተቀብሎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚሸኛቸው? በተደጋጋሚ ለምትመጣ ልጅ «ይሄ ለድንገተኛ ነው፤ ጤና ጣቢያ ብትሄጂ መርፌውም በክንድ የሚቀበረውም በነጻ ነው፣ ይበልጥም አስተማማኝ ነው» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። ኤች አይ ቪን እንደማይከላከል የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት እንደገና መውሰድ እንዳለባት፣ ለቲቢ ሪፋምፒሲን ወይም ለኤች አይ ቪ ኤፋቪሬንዝ የምትወስድ ከሆነ ክኒኑ ሊደክም እንደሚችል የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። የወር አበባዋ ከሳምንት በላይ ከዘገየ እንድትመረመር የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። እህቴ፣ በመደርደሪያው ወዲያ ማዶ የሚጨነቅ ሰው ቢቆም ደስ ይለኛል። ሥራዬን ልልቀቅ ስትይኝ ቅር ያለኝም ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ፒያሳ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር፤ ጊዜው ቆይቷል። ከፊቴ የነበረችው ልጅ አንገቷን ቀልሳ አንድ ነገር ጠየቀች። ሻጩ ጮክ ብሎ «ፖስት ፒል ነው?» አላት። ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ልጅቷ «አይ፣ ፓናዶል ነው» አለች። ፓናዶሉን ገዝታ ወጣች። እኔም እንደ ሰዉ አየኋት እንጂ ተከትዬ ወጥቼ «ነይ፣ እኔ ልግዛልሽ» አላልኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የከለከላት ሰው አልነበረም እኮ። ድምፁ ብቻ በቃት።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? እኔ እንዲህ ብታደርጊ እላለሁ።

ከነገ ጀምሮ «አልቋል»ን ተዪው። ንስሐ አባትሽን እስክታናግሪ፣ ልብሽ እስኪረጋ ድረስ አለመሸጥ ትችያለሽ። ግን እውነቱን ተናገሪ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ይህን አልሰጥም፤ ባልደረባዬ ይሰጥሻል፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ» በያት። ምክንያትሽን አትዘርዝሪላት። እሷ የመጣችው መድኃኒት ፈልጋ ነው፤ የአንቺን ሕሊና የመስማት ዕዳ የለባትም። ፊትሽም አይጨፍገግ።

ቀጥለሽ ባለቤቱን አናግሪው። እስካሁን የማያውቅ ከሆነ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከአንቺ ቢሰማ ይሻላል። «ይህን መድኃኒት መስጠት ይከብደኛል፤ ደንበኛ ግን እንዲመለስ አልፈልግም፤ ስለዚህ ማታ ብቻዬን ባልሆን» በዪው። ሊቆጣ ይችላል። ፈረቃ መቀያየር ግን ቀላል ነገር ነው፣ ብዙዎች እሺ ይላሉ። እምቢ ካለ ያኔ ስለ መልቀቅ እንነጋገራለን፤ አሁን ገና ነው።

ብቻዬን ሆኜ ብትመጣብኝስ ትይኝ ይሆናል። እሁድ ማታ፣ ሌላው ሁሉ ዘግቶ። እዚህ ጋ የእኔን ሐሳብ በግልጽ ልንገርሽ። እኔ ብሆን እሰጣታለሁ። ሰዓቱ የእሷ ነው፣ የሚያልቅባትም እሷ ናት። አንቺ ግን በዚህ ባትስማሚ፣ ቢያንስ ማታ ብቻሽን የምትቆሚበትን ፈረቃ አትያዢ። በሁለቱ መሃል ቆመሽ ዕዳውን ለልጅቷ አታሸክሚያት።

ከሁሉም በላይ ይህችን አትርሺ። የምትመጣው ልጅ ተገድዳ ሊሆን ይችላል። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበችው ለምን እንደሆነ አናውቅም። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ደህና ነሽ? ፈልገሽ ነው?» ማለት ያንቺ ሥራ ነው፣ ክኒኑን ሰጠሽም አልሰጠሽም። ተደፍራ ከሆነ ፖስት ፒል ብቻ አይበቃትም። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ጋንዲ ሆስፒታል ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ሕክምናውን፣ ምክሩንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። አድራሻውን በወረቀት ጽፈሽ መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጪ። ክኒኑን ለመውሰድ ጊዜው ያለፈባት የመሰላት ልጅ ብትመጣም ተስፋ አታስቆርጫት፤ እስከ አምስት ቀን ድረስ የመዳብ ሉፕ በባለሙያ ሊገባላት ይችላል፣ እንዲያውም ከክኒኑ ሁሉ የበለጠ አስተማማኝ እሱ ነው። ክኒኑም ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ እስከ አምስተኛው ቀን ሊሞከር ይችላል።

ለእናትሽ ምን ትበያት? አሁን ምንም። ማኅበሩን በአንድ ቀን አሳምነሽ አትመለሺም፣ እንድትሞክሪም አልፈልግም። አንድ ቀን ቡና እየጠጣችሁ «እማዬ፣ እኔ የምሠራበት እኮ ይሸጣል» ማለት ከቻልሽ ግን ደስ ይለኛል። እናትሽ የማታውቀውን ምስጢር ይዘሽ ስለዚያው ነገር ስታወራ መስማትም ራሱ ይከብዳል።

ልጅቷን በተመለከተ፣ ምን እንደሆነች አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ሌላ ቦታ አግኝታ ይሆናል። ሳታገኝ ቀርታም አልፀነሰች ይሆናል። በየመንገዱ ፊቷን አትፈልጊ፤ ብታገኚያትም ልትታወቅ አትፈልግ ይሆናል። አካባቢው የካምፓስ ስለሆነ ግን አንድ ቀን ሳሙና ወይ የራስ ምታት ክኒን ልትገዛ ተመልሳ ልትገባ ትችላለች። ያኔ ሰው ካለ ዝም ብለሽ አስተናግጃት። ሰው ከሌለና ቀና ብላ ካየችሽ «የዚያን ዕለት ነበረን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» በያት። ሌላ አትጨምሪ፣ ምን ሆንሽም አትበያት።

ባለቤቱን ካናገርሽው በኋላ ጻፊልኝ። የተቆጣም እንደሆነ ጻፊልኝ።